የአማቷ ወርቅ

የይርጋነሽ ቀለበት ተመልሶ የገባላት ባሏ ጥሏት ከሄደ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ቢቸና ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋለች። የዚያን ዕለት ዝናብ ሆኖ ደንበኛ ስለ ጠፋ ሱቋን በጊዜ ዘግታ ቤት ገባች። ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ የሚሆን ጥለት ከሳጥኗ ስትፈልግ፣ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ትንሽ ነገር እጇ ገባ። ሳትፈታው አወቀችው። ፈታችውና፣ ምን ለማድረግ እንደሆነ እንኳ ሳታስብ፣ ጣቷ ላይ አደረገችው። ድሮ አንጓዋ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው ወርቅ ያለ ሳሙና፣ ያለ ምራቅ ሸርተት ብሎ ገብቶ ቦታው ተቀመጠ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ እንዲገባላት ስትመኝ ኖራለች። አሁን ገባ፤ "በላቸው፣ ና እስቲ እየው" የምትለው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ የለም።

ቀለበቱ ከባሏ ይልቅ ከአማቷ የመጣ ነው ቢባል ይቀላል። በላቸው ሲያገባት ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበር፤ ደሞዙ ለወርቅ አይደርስም። ሞጣ የሚኖሩት እናቱ ከእናታቸው የወረሱትን ጉትቻ ከጆሯቸው አውልቀው አንጥረኛ ቤት ሄዱ። ተቀልጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ቀለበት ሆኖ እጃቸው እስኪገባ ድረስ ከአንጥረኛው ፊት አልተነሡም። "አንጥረኛና ወርቅ ብቻቸውን አይተዉም" አሉ። በላቸውና ይርጋነሽ በቁርባን ተጋቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባላቸው ሲሞቱ እኚህ ሴት መነኮሱና እማሆይ አመተ ሥላሴ ተባሉ።

ይርጋነሽ እናቷን በልጅነቷ ነው ያጣችው። እናት ምን እንደሆነች ያወቀችው ከእማሆይ ነው። ሁለት ጊዜ አረገዘች፤ ሁለቱም ጊዜ ወረደባት። ሁለቱንም ጊዜ እማሆይ ከሞጣ ተነሥተው መጥተው፣ እንደ ወለደች ሴት አጥሚት እያጠጡ፣ ወገቧን በቅቤ እያሹ አስታመሟት። "ለምን ወረደብሽ" ብለው አንድ ቀን አልጠየቋትም።

ከሁለተኛው በኋላ ሰውነቷ እምቢ አለ። ወፈረች። ፊቷ ሞላ፤ ጣቶቿ አበጡ። አንድ ቀን ቀለበቱ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጦ ጣቷ ሲጠቁር ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ጣቷን በክር ጠምጥማ፣ ሳሙና ቀብታ፣ በስንት ስቃይ አወጣችላት። ሞጣ ስትሄድ ባዶ ጣቷን እያሳየች "ላስሰፋው ወይ፣ እማሆይ?" ብትላቸው፦

"ተይው" አሏት። "እንደገና አንጥረኛ እጅ ከገባ እኩሌታው አይመለስም። እግዜር ሲፈቅድ ይገባልሻል።"

ከዚያ እማሆይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። በላቸው እናቴን ልጠብቅ ብሎ ወደ ሞጣ ዝውውር ጠየቀ። ይርጋነሽ ሱቁን እስክትሸጥ ልትቆይ፣ እሱ ቀድሞ ሄደ። ሱቁ ግን ሳይሸጥ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ በላቸው ባንቺዓለም ከምትባል፣ መድኃኒት ቤት ከምትሠራ ልጅ ጋር ቤት ተከራይቶ እንደሚኖር ሰው ነገራት። ስትጠይቀው አልካደም። አለቀሰ እንጂ አልካደም። ፍርድ ቤት ጉዳዩን በአጭሩ ጨረሰው። ሲወጡ በላቸው አጥሩ ሥር አቆማትና አንድ ነገር ለመናት።

"ለእማሆይ እንዳትነግሪያቸው። በቁርባን የገባሁትን እንዳፈረስሁ ከሰሙ ይሞቱብኛል።"

"እሺ" አለችው። እሺ ያለችው ለእማሆይ ብላ ነው። ደግሞም፣ ይህንን ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ እማሆይ ካወቁ እሷም እናት አይኖራትም።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መደወሏን አላቋረጠችም። እማሆይ "በላቸው ደኅና ነው?" ይላሉ፤ ልጃቸው ሳምንቱን ቢቸና ለሚስቱ እየደወለ የሚከርም ይመስላቸዋል። "ደኅና ነው" ትላለች። "መቼ ትመጪያለሽ?" ይላሉ። "ሱቁ አላስወጣኝ አለ" ትላለች። እማሆይ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል፤ ከአልጋ ከደጃፍ አያልፉም። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የነገራቸው ግን የለም።

በዚያ መሐል ነው ይርጋነሽ የከሳችው። አስባበት አይደለም። ምሳ ትሠራና ሳትበላው ይመሻል። የራሷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጠበበች። ገበያተኛው ግን አወደሳት። "እንዴት አማረብሽ! ምን ሠርተሽ ነው?" ይሏታል። ጎረቤቷ ውበቴ ብቻ ጎትታ ወስዳ ስኳር አስመረመረቻት። ስኳር አልነበረም።

ቀለበቱ በገባ በሳምንቱ በላቸው ደወለ። ድምፁን ከሰማች ቆይታለች።

"እማሆይ ደክመዋል" አላት። "ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሎናል። አንቺን ነው የሚጠሩት። ሌላ ቃል የላቸውም።"

"አልነገርካቸውም?"

"እንዴት ብዬ? እባክሽ፣ ይርጋነሽ። እንደ ሚስቴ ሆነሽ ነይ። ጥቂት ቀን ነው።"

በማግሥቱ ማለዳ ቀለበቱን አድርጋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እስኪወርድና እስኪጫን ቆሙ። አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት "ወደ ባልሽ ነው?" ብለው ጠየቋት። "ወደ እናቴ ነው" አለቻቸው።

ሞጣ መናኸሪያ በላቸው ቆሞ ጠበቃት። ሸብቷል። ቦርሳዋን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ጣቷን አየ።

"አመሰግናለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ላንተ አይደለም" አለችውና ቦርሳውን ራሷ ያዘች።

እማሆይ ግድግዳው ሥር በተዘረጋው አልጋ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ትንሽ ሆነዋል። የእግሯን ድምፅ ሲሰሙ ቆባቸውን አስተካከሉ።

"መጣሽ?"

"መጣሁ፣ እማሆይ።"

"ድምፅሽ ቀጥኗል። እጅሽን ስጪኝ።"

ሰጠቻቸው። በደረቁ ጣቶቻቸው እጇን አገላብጠው ዳበሱ። ቀለበቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አዞሩት። እንደገና አዞሩት። ፊታቸው በራ።

"ገባልሽ! ይርጋነሽ፣ ገባልሽ እኮ! አላልሁሽም?"

"ብለውኛል።"

"እግዜር የተመሰገነ ይሁን። ይኼን ሳልዳስስ ልሄድ ነው ብዬ ነበር።" እጃቸው ግን ከቀለበቱ ወደ አንጓዋ፣ ከአንጓዋ ወደ ክንዷ ወጣ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። "ይኼማ አጥንት ነው። ምን ሆነሻል? ታመሽ ነበር?"

"ጾሙ ነው፣ እማሆይ።"

"ጾም እንዲህ አያደርግም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ እንዲህ አልሆንሁም። በላቸው! ሚስትህን አታበላትም?"

በላቸው በሩ ላይ እንደቆመ መሬት መሬት አየ። "አበላታለሁ" አለ።

ይርጋነሽ እማሆይን ማስታመም ጀመረች። ከአልጋው ሥር ሰሌን አንጥፋ ትተኛለች። ታገላብጣቸዋለች፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል ቅባት ታሻቸዋለች። በላቸው ሲመሽ "ትምህርት ቤት ሥራ አለኝ" እያለ ይወጣል፤ የት እንደሚያድር ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት በሳህን ተሸፍኖ ትኩስ ሾርባና ለስላሳ ቂጣ ይዞ ይመለሳል። እማሆይ ሾርባውን ይወዱታል። "በላቸው የቀጠራት ሠራተኛ እጇ ይጣፍጣል፤ ብቻ ጨው ታበዛለች" ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን በላቸው ዘገየ። ይርጋነሽ የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ ስትወጣ፣ አንዲት ወጣት ሴት ልጅ አዝላ፣ ሳህን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቆማ አገኘቻት። ሴትየዋ ስታያት ደነገጠች፤ ልትሄድ ዞር አለችና ተመለሰች።

"እትዬ ይርጋነሽ ነዎት?"

"ነኝ።"

"እሱን ስብሰባ ያዘው። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ብዬ ነው እንጂ አልመጣም ነበር። አልገባም።" ሳህኑን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠቻት።

ይርጋነሽ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ለዚህች ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስታዘጋጅ የኖረችው ቃል ነበራት። አንዱም አልመጣላት አለ።

"ሾርባውን ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትሠሪው?"

"እኔ ነኝ። አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ።"

"አይተዋቸው ታውቂያለሽ?"

"በሩቁ። ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ከዚህ ሆኜ።"

ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን ነቅታ አንገቷን አወጣች። የስምንት ወር ልጅ ናት። ይርጋነሽን አየቻት። ሰፊ ግንባርና ወደ ውጭ ቀና ያለ ጆሮ አላት፤ የእማሆይ ግንባር፣ የእማሆይ ጆሮ። ይርጋነሽ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ሳታስበው እጇን ዘረጋች። ሕፃኗ ጣቷን ያዘች።

"ስሟ ማን ነው?"

"ማርያማዊት።"

"እማሆይ ያውቃሉ?"

ባንቺዓለም የለም በማለት ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔ እኮ ልሰድብዎት አይደለም የመጣሁት" አለች፣ ማንም ሰደብሽኝ ሳይላት። ከዚያ ፈጥና ሄደች።

የዚያን ቀን ይርጋነሽ ሾርባውን በማንኪያ ስታጎርሳቸው፣ እማሆይ በቃኝ ብለው እጇን ያዙ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጄ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ላንቺም ልንገርሽ። ልጅ ስለነሣሽ እግዜርን ተቀይሜው ኖሬያለሁ። መነኩሴ ሆኜ። በላቸው አንድ ነው፤ ዘሬ እሱ ላይ ቆመ። እየጸለይሁ ሳለ ቂሙ መሐል ይገባብኛል። አሁን ልሞት ነው፤ አሁንም አልለቀቀኝም።"

ይርጋነሽ ማንኪያውን አስቀመጠች። እማሆይ በሌለ ነገር እግዜርን ተቀይመው ሊሄዱ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ሁለት ሰፈር ርቃ ትድሃለች።

በላቸው ሲመጣ ደጅ ጠበቀችው።

"ንገራቸው" አለችው።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ልጅቱንም።"

"አልችልም። እንዲህ ደክመው ሳለ ልግደላቸው?"

"እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ሄደህ ልጅቱንና እናቷን አምጣ።"

"ይርጋነሽ፣ ምን ይጠቅምሻል?"

"እኔን ምንም አይጠቅመኝም" አለችው። "ሂድ።"

ሄደ። እሷ ገባችና ቀለበቱን አወለቀች። እሱን አድርጋ እውነቱን መናገር አልሆነላትም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ጥቂት ቆይታ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

"እማሆይ፣ የምነግርዎ አለኝ። እኔና በላቸው ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆነን።"

እማሆይ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"በቁርባን የተጋባ ይለያያል?" አሉ።

"ተለያየን።"

"አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?"

በላቸው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እኔ ነኝ፣ እማሆይ" አለ።

እማሆይ ወደ ድምፁ አልዞሩም። ወደ ይርጋነሽ እንደዞሩ ቀሩ። "እሑድ እሑድ ስትደውዪልኝ? በላቸው ደኅና ነው ስትዪኝ?"

"ዋሽቼዎት ነው።"

"አንቺም?"

ይህችን ቃል ይርጋነሽ እስከ ዛሬ ትሰማታለች። ቁጣ የለባትም። የሚያምኑት ምርኩዝ ከእጃቸው የተሰበረባቸው ሰው ድምፅ ነው።

"ዓይኔ ቢጠፋ ጆሮ ነበረኝ" አሉ እማሆይ። "ሳልሞት እንደ ሞተ ቈጠራችሁኝ።"

"ሌላም አለ" አለች ይርጋነሽ፤ ድምፅዋ እየተቆረጠ። "የልጅ ልጅ አለዎት።"

ባንቺዓለም ከበላቸው ጀርባ ቆማ ነበር። ይርጋነሽ ተነሥታ ሕፃኗን ከእጇ ተቀበለችና እማሆይ ደረት ላይ አስቀመጠቻት። እማሆይ መጀመሪያ እጃቸውን አላነሡም። ሕፃኗ ስትንሸራተት ጊዜ ያዟት። ራሷን ዳበሱ፤ ግንባሯን፣ ከዚያ ጆሮዋን። ጆሮዋን ይዘው ቆዩ።

"ክርስትና ተነሥታለች?"

"በሰማንያ ቀኗ፣ እማሆይ" አለች ባንቺዓለም።

"አያቷ ሳትኖር።" ከተጋረደው ዓይናቸው እንባ ፈሰሰ። "አንቺ ነሽ ሾርባውን የምትሠሪው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጨው ቀንሺ" አሉ። ቀጥለው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሕፃኗም አብራ ጮኸች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማርያማዊት ጠዋትና ማታ ትመጣለች። እማሆይ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ጆሮዋ ሥር ሲያንሾካሹኩላት ይውላሉ። ለበላቸው "ውኃ ስጠኝ" "በሩን ዝጋ" ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም። ለይርጋነሽም የላቸውም። ስታገላብጣቸው ይገላበጣሉ፤ ስታጎርሳቸው ይጎርሳሉ። "ልጄ" ግን አይሏትም። አንድ ቀን ባንቺዓለም ለብቻዋ ጠርታት "እኔ አስታምማቸዋለሁ፤ እርስዎ ደክመዋል" አለቻት። በክፋት አይደለም። ይርጋነሽ ግን ቦታዋ እንደተወሰደ አወቀች፤ ቦታውን የሰጠችውም ራሷ ናት። ያም ሆኖ አልሄደችም።

ድካማቸው በጠናበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹ ደጅ ሳሉ፣ የእማሆይ እጅ አልጋው ላይ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። ይርጋነሽ እጇን ሰጠቻቸው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነኩ።

"ወርቄስ?"

"አወለቅሁት፣ እማሆይ። ከእንግዲህ የኔ አይደለም ብዬ።"

"እሱ ነው የሰጠሽ?" አሉ፤ ትንሿ ድምፃቸው ድሮ ሲቆጡ እንደነበረው ሆነች። "ከጆሮዬ እኮ ነው ያወጣሁት።"

ይርጋነሽ እየተደናበረች ወደ ቦርሳዋ ሄደች። ልብሱን አውጥታ፣ ማበጠሪያውን አውጥታ፣ ከታች አገኘችው። ጣቷ ላይ አድርጋ ስትመለስ እማሆይ አንቀላፍተዋል። አፋቸው ተከፍቷል። "እማሆይ፣ አደረግሁት" አለቻቸው። እጃቸውን አንሥታ ጣቶቻቸውን ቀለበቱ ላይ አስቀመጠች። አልተንቀሳቀሱም። ተንበርክካ እንደያዘቻቸው ቆየች፤ ሌላ ጊዜ አልነቁም። በማግሥቱ ቅዳሴ ሳይወጣ ዐረፉ።

ለቀብሩ ከገጠር ብዙ ዘመድ መጣ። ገሚሱ የሚያውቀው ይርጋነሽን ነው፤ አንገቷን አቅፎ አለቀሰ። ገሚሱ ባንቺዓለምን "እግዜር ያጽናሽ" አላት። ድንኳን ውስጥ የበላቸው አክስት ባንቺዓለምን ጎትተው ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጧት። ይርጋነሽ ከጎረቤቶች መሐል፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አንዲት የማታውቃት ሴት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ጠጋ አለቻትና፦

"ለእማሆይ ምናቸው ነሽ?" አለቻት።

ይርጋነሽ አፏን ከፈተች። "ከቢቸና ነው የመጣሁት" አለች።

ወደ መናኸሪያ በላቸው ሸኛት። መኪናው ሊነሣ ሲል "ባትነግሪያቸው ኖሮ በሰላም ይሞቱ ነበር" አላት። ይርጋነሽ ምናልባት እውነቱን ይሆናል ብላ አሰበች። እማሆይ ከሕፃኗ ጋር ያሳለፏቸውን ቀኖችም አሰበች። ሁለቱን ልትመዝን ሞክራ አልሆነላትም። እስከ ቢቸና ድረስ በመስኮቱ እያየች ሄደች።

ቢቸና እንደ ደረሰች የዕድሩ ዳኛ ቤቷ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እያፈሩ፣ ደንቡ ለባል እናት ድንኳን እንደሚያስተክል፣ ለተፋታ ግን እንደማያስተክል አስረዷት።

"ቅር እንዳይልሽ፣ ይርጋነሽ።"

"ድንኳን አልጠየቅሁም፣ አባባ" አለቻቸው።

ሱቋን ዘጋች። ጥቁር ለብሳ፣ ሳሎኗ ላይ ሰሌን አንጥፋ ብቻዋን ተቀመጠች። የሰሙ ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ምን ማለት እንዳለባቸው አላወቁም። ቀለበቱን አይተው "ታረቃችሁ እንዴ?" ያለቻትም ነበረች። "ነፍስ ይማር" ብለው ጥቂት ተቀምጠው ይሄዳሉ።

ውበቴ ግን ንፍሮ ቀቅላ፣ በሰፌድ ይዛ መጣችና ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰፌዱን መሐላቸው አስቀመጠች። ከዚያ፦

"እኔ አላውቃቸውም" አለች። "እስቲ ንገሪኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ይርጋነሽ ልትነግራት ጀመረች። ከሞጣ ሲመጡ ግቢው ውስጥ ሳይገቡ ከመንገድ ጀምረው "ይርጋነሽ! ይርጋነሽ!" እያሉ ስሟን ይጠሩ እንደነበር ልትናገር አሰበች። ስሟን በእሳቸው ድምፅ ልትጠራው ስትሞክር ግን ሞጣ ሳለች አንድ ጊዜ እንኳ ያልወጣላት ለቅሶ ወጣ። ውበቴ ሰፌዱን ገፋ አድርጋ ጀርባዋን ያዘች፤ "አልቅሺ፣ አልቅሺ እህቴ" አለቻት። ደጅ ሌላ ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ነበር፤ ድምፁን ሰምቶ እስክትጨርስ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።